በጋምቤላ ቤቱን የሚያሞቀው ሰው

የኡጁሉን መሞት የነገረችኝ ዓሣ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ናት። ከባሮ የወጣውን ዓሣ እያገላበጠች፣ እኔም የጠራችውን ዋጋ እንዳልሰማሁ ሆኜ ሳለሁ፣ በመሃል፣ «ያ ቤቱን የሚያሞቀው ሽማግሌ አረፈ እኮ» አለችኝ። ዝም ብዬ የጠራችውን ከፈልኩ። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ እኔን ሳልከራከር አይታኝ አታውቅም። ዓሣው የተበላሸ መስሏት እንደገና አሸተተችው።

«ቤቱን የሚያሞቀው» ሲባል የደጋ ሰው ላይገርመው ይችላል። ጎሬ ላይ የሚገርመው ቤቱን የማያሞቅ ሰው ነው። ጋምቤላ ግን ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ አጎበር ዘርግቶ የሚተኛበት፣ ሻማ ሳይለኮስ የሚጎብጥበት አገር ነው። በሱቄ መደርደሪያ ላይ ያለው ሳሙና እንኳ ያልበዋል። በዚህ ከተማ ቤቱን ለማሞቅ ብሎ በጋ ከክረምት እንጨት የሚገዛ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ኡጁሉ ነው። እኔ እንጨት ሻጩ ስለነበርኩ ነው በደንብ ያወቅሁት።

እንጨት ብቻ አልነበረም የምሸጠው። ከሰል፣ ባዶ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ጆንያ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፤ ባጭሩ ሌላው ሰው ሲጥለው የደረስኩበትን ሁሉ። ጊዜው ጋምቤላ ክልል የሆነችበት ሰሞን ነው። ከቢሮዎቹ ታፔላዎቹ ቀድመው ደርሰው ነበር። የታፔላዎቹን ማቆሚያ እንጨት ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ «ክልሉን ያቆምኩት እኔ ነኝ» እያልኩ እቀልድ ነበር። ከደጋ ተመድበው የመጡት ሠራተኞች መጀመሪያ የሚገዙት ማራገቢያ ነው። መብራት የሚመጣው ግን ማታ ለትንሽ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ማራገቢያውን ቁጭ ብለው ያዩታል።

ኡጁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ የመጣው መጋቢት ላይ ነው፤ አስፋልት ቢኖረን ኖሮ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ወር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል ያደረገ ሽማግሌ። የእጅ ጋሪ እየገፋ መጣና ክምሩ አጠገብ ቆመ። አንድ ፍልጥ አነሳና ጉንጩ ላይ አስጠጋው፤ ሕፃን እንደሚስም ሰው። ከዚያ ሁለት ፍልጥ አጋጭቶ አዳመጠ። አንዱን ወደ ጎን ወረወረው።

«ይሄ ውሸታም ነው» አለ። «ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ባሮ።»

ውሸታሙን እንጨት የሸጠልኝ ሰው ለእኔም እንደዚያው ዋሽቶኝ ስለነበር አልተከራከርኩም። ግን በዚያ ሙቀት ያን ያህል እንጨት ለምን እንደሚፈልግ ማወቅ ፈለግሁ።

«አባባ፣ አረቄ ያወጣሉ እንዴ?»

ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ። ማንም የለም።

«ማን ናቸው?» አለኝ።

«እርስዎን ነው እንጂ።»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ። አንቺ ስንት ሰው ታያለሽ?»

ጫኞቹ ሳቁ። አማርኛ ለኡጁሉ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ በአኝዋክኛው ወንድና ሴት በአነጋገር አይለዩም። ስለዚህ ፊቱ የቆመውን ሰው ሁሉ «አንቺ» ይላል፤ ፊቱ ያልቆመውን ሁሉ ደግሞ «እሱ»። ሴት ትሁን፣ ወንድ ትሁን፣ ጀልባ ትሁን፣ «እሱ» ነች። የቢሮ ኃላፊውን ሳይቀር «አንቺ» ይለው ነበር። አንድ ቀን ላርመው ብሞክር «ሰው ሰው ነው፤ ምን ያደርግልሻል?» ብሎኛል። እኔም «አንቱ» ማለቱን ትቼ «ጋሼ» እያልኩ «አንተ» አልኩት። ተግባባን።

«እና ጋሼ፣ እንጨቱ ለምንድን ነው?»

«ቤት ለማሞቅ።»

ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየሁ። «የት ያለ ቤት?»

«እዚህ። ከድልድዩ ማዶ።»

አንዱ ጫኝ፣ «ጋሼ፣ በር ክፈትና ተወው፤ እግዜር በነፃ እያሞቀልን አይደል?» አለው።

ኡጁሉ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ፍልጦቹን እየመረጠ ጋሪው ላይ ደረደረና፣ «ሚስቴ ነው» አለ። «ባሮ ውስጥ ገባ፤ ብርድ ይዞ ወጣ።»

የቀረውን የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። አንድ ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች፤ ወንዙ ወሰዳት። ወንዶቹ ፈልገው ፈልገው ሲወጡ እናቲቱ አሪየት አልወጣችም። እስኪመሽ ድረስ ውሃው ውስጥ ቆማ በእግሯ መሬቱን ስትዳስስ ዋለች። ጎትተው አወጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረዳት። ሆስፒታል ወስደዋት ደሟ ሲመረመር ወባ የለም ተባለ። ወባ ቢሆን ደስ ባላቸው ነበር፤ ወባ መድኃኒት አለው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሎች ጸለዩላት። ጋቢም ብርድ ልብስም ደራረቡላት። ኡጁሉ እንደሚለው ግን ብርድ ልብስ የሚያሞቀው ሙቀት ያለውን ሰው ነው፤ የሌለውን ዝም ብሎ ይሸፍነዋል።

ቤቱን ያየሁት እንጨት ያደረስኩለት ቀን ነው። ከሣር ቤቱ ግድግዳ ውጭ ጉድጓድ ቆፍሮ ከመሬት ዝቅ አድርጎ አንድ የብረት ጋን የመሰለ ነገር ተክሏል። ሰዉ ሁሉ «ቦይለር» ነው የሚለው። ኡጁሉ በወጣትነቱ፣ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ገና ወደባችን ሲደርሱ፣ እንጨት እየማገደ እሳታቸውን የሚጠብቅ ሠራተኛ ነበር። መርከቦቹ ቀሩ፤ የወደቡ ዕቃ ወንዙ ዳር ዛገ። እሱም ማንም የማይፈልገውን ይህን ትንሽ ቦይለር እየጎተተ ቤቱ አመጣው። ሥር እሳት ይነዳል። የፈላው ውሃ በቱቦ ግድግዳውን አልፎ፣ አሪየት በምትተኛበት የጭቃ መደብ ሥር ተጠማዞ፣ ቀዝቅዞ ተመልሶ ይመጣል። ቤት ውስጥ ጭስ የለም፤ ጭስ ያስላት ነበር።

«ግቢ» አለኝ ኡጁሉ። ገባሁ።

የገሃነምን ነገር በቄስ አፍ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ በሩን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ሳልቀመጥ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። አሪየት መደቡ ላይ ተኮራምታ፣ እስከ አገጭዋ ተሸፍና ተኝታለች። ፊቷ ቆንጆ ነው፤ ዓይኖቿ ትልልቅ። እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጨበጠችኝ። እጇ ወንዝ ዳር እንዳደረ ድንጋይ ነበር።

«ዛሬ ብርድ ነው፣ አይደል?» አለችኝ። አማርኛዋ ከባሏ ይሻላል።

ላቡ ከቅንድቤ ላይ ወደ ዓይኔ እየገባ ነው። «በጣም እንጂ» አልኳት። «እኔስ ጋቢዬን ረስቼ መጥቼ ነው የተጎዳሁት።»

ፈገግ አለች። ኡጁሉ ከበሩ አጠገብ ሆኖ አየኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እንጨት ከእኔ ብቻ ነው የገዛው። እኔም ውሸታም እንጨት ሸጬለት አላውቅም። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ከሌላው ደንበኛዬ ሁሉ ጋር በክረምት እርጥብ እንጨት ተመሳስሎ ይሄድልኝ ነበር።

የሚሠራው አንድ ቢሮ ውስጥ ጥበቃ ነው። ደሞዙን ሲቀበል ከቢሮው ቀጥታ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቱ። ለራሱ ጫማ ሲገዛ አላየሁም። ዓሣ ያጠምዳል፤ እሱንም ይበላሉ። የማረፉን ወሬ ከዓሣ ሻጯ ስሰማ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው፣ ከሥራ ሲወጣ ጎዳናው ላይ የሚሄደው አካሄዱ ነው፤ ረጅም እርምጃ፣ ግን ድምፅ የሌለው፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚሄድ ዓይነት። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ሰማዩን ያይና «ይመጣል?» ይላል። ዝናቡን ማለቱ ነው።

በዚያ ቢሮ ከደጋ የመጣ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቀልደኛ ነው። አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ ቢራ ይዞ ተቀምጦ ሳለ ኡጁሉ ጋሪውን እየገፋ መጣ።

«ኡጁሉ፣ እንግዲህ ደሞዝህን ልታቃጥለው ነው?»

«አዎ» አለ ኡጁሉ። «አንቺ ትጠጪዋለሽ፤ እኔ አቃጥለዋለሁ። ነገ ጠዋት የሁለታችንም የለም።»

ሒሳብ ሠራተኛው እስኪያስለው ሳቀና ቢራ ሊጋብዘው ፈለገ። ኡጁሉ ግን «እሳት ሰነፍ ነው፤ አጠገቡ ካልተቀመጥሽ ይተኛል» ብሎ ሄደ።

ክረምቱ ነው ያስቸገረው። በደጋ ክረምት ሲባል ሰው ብርዱን ያስባል፤ እዚህ የሚታሰበው ጭቃው ነው። መኪና መንገድ ላይ ይቀራል፣ እንጨት ቆራጩ ጫካ አይገባም፣ የገባውም የሚያመጣው እርጥብ ነው። ዋጋው ይወጣል፤ ሙቀቱ ግን ይቀንሳል፤ በሌላ ቃል፣ ሰው ለጭስ ይከፍላል። የኡጁሉ ደሞዝ በበጋ ወሩን ሙሉ የምታሞቅ ከሆነ በክረምት ወሩ አጋማሽ ላይ ትበርድ ነበር። የቀረውን ጊዜ በወንዙ ተንሳፍፎ የመጣ ግንድ ጎትቶ ያወጣል፣ አድርቆ ይፈልጣል፣ ጉንጩ ላይ እያደረገ ይለያል።

በዚያ ክረምት ቦይለሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ ከሥር ትንሽ፤ ውሃው እሳቱ ላይ ሲንጠባጠብ ጭስ ብቻ ይሆናል። ኡጁሉ በአመድና በጭቃ ደፈነው። ሌላ ቦታ ከፈተ። ያንንም ደፈነ። የብየዳ ሠራተኛውን ሀሰንን ይዤለት ሄድኩ። ሀሰን በመዶሻው መታ መታ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ብረት ወረቀት ሆኗል። እኔ ስነካው ይበሳል። ሌላ መተካት ነው።»

«እሱ ሽማግሌ ነው» አለ ኡጁሉ፣ ቦይለሩን እየዳሰሰ። «እኔ ሳገኘው ሽማግሌ ነበር።»

«ወፍራም በርሜል ካገኘን እኔ ቱቦውን እገጥምበታለሁ» አለ ሀሰን። «ደምሴ ይፈልግ።»

ደምሴ እኔ ነኝ። በርሜል ሞልቶኝ ነበር፤ ግን የእኔ በርሜሎች ለጠላ ውሃ እንጂ ለእሳት አይሆኑም፤ ስስ ስለሆኑ ዓመት አይቆዩም። ወፍራሙ ያለው ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች፣ ኢታንግ ነው፤ የእርዳታ መኪኖች ነዳጅ የሚይዙበት፣ አንዳንዱ ገና ቀለሙ ያልተላጠ። ኢታንግ ለአንድ የማውቀው ሰው ላክሁ፤ «አለ፤ ግን መንገዱ ተዘግቷል፤ በጀልባ ይመጣል» አለኝ። ጀልባው ደግሞ ሞተሩ ተበላሽቷል። ሞተሩ ሲሠራ ነዳጅ የለም። ነዳጅ ሲገኝ ጀልባ ነጂው ዘመድ ሞቶበት ወደ ማታር ከተማ ሄዷል። ኡጁሉ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ደጃፌ ይቆማል።

«መጣ?»

«ነገ፣ ጋሼ።»

«ነገ» ይልና ይሄዳል።

በዚያ መካከል አሪየት ደከመች። መደቡ ሲቀዘቅዝ መብላት ታቆማለች። እሱ ድንጋይ አግሎ በጨርቅ እየጠቀለለ በጎኗ ያደርግላታል። አንድ ከደጋ የመጣ የጤና ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ አያትና፣ «እኔ እንጃ፣ ጅማ ብትወሰድ ይሻላል» አለ።

«ጅማ ይሞቃል?» አለው ኡጁሉ።

«አይ፣ ብርድ ነው እንጂ።»

«ታዲያ?»

ጤና ባለሙያው ቦርሳውን ዘጋ። ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፦ ያ በርሜል ቶሎ ካልመጣ አሪየት ክረምቱን አትወጣም። ኡጁሉ በግልጽ ብሎት አያውቅም፤ ግን «ነገ» ሲል ከንፈሩ ይደርቅ ነበር።

በመጨረሻ ጀልባው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር ተጠጋ። በርሜሉ ሰማያዊ ነው፣ ወፍራም፣ ስትመታው እንደ ደወል የሚጮህ። በሕይወቴ ስንት በርሜል አንከባልያለሁ፤ ደስ ብሎኝ ያንከባለልኩት እሱን ነው። ሱቄ አስገባሁት፤ ለሀሰን «ነገ ማለዳ መዶሻና መሮህን ይዘህ ና» ብዬ ላክሁበት። ለኡጁሉ ጠዋት ይዤለት ብቅ ልል አስቤ ዝም አልኩ።

ጠዋት ዝናብ ነው። ሱቁን ስከፍት ኡጁሉ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ፎጣው አንገቱ ላይ የለም። ውሃ ከፀጉሩ እየወረደ ነው።

«ደምሴ» አለ። «ቀዘቀዘ።»

ልቤ አልደነገጠም፤ በርሜሉ ከኋላዬ ቆሟላ። «ጨርሶ?»

«ጨርሶ። እኔ ማገድኩ፣ ማገድኩ። እንቢ አለ። አይሞቅም።»

«በቃ ጋሼ፣ አትጨነቅ» አልኩት። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ፤ ደስታዬ ሊያመልጠኝ ነው። «እሱ እኮ ከዱሮም ያለቀለት ነው። ያገለገለህም ይበቃል። አሁን እንጥለዋለን፤ እኔ አዲስ አመጣልሃለሁ።»

ኡጁሉ አየኝ።

«አዲስ?» አለ።

«አዲስ! ከእሱ በጣም የሚሻል። ዛሬውኑ። አንተ ሂድ፣ እኔ ከኋላ ይዤው መጣሁ።»

ዞረና በዝናቡ ውስጥ ወደ ድልድዩ ሄደ። ግራ የገባው መሰለኝ፤ በደስታ ነው ብዬ ተውኩት።

ሀሰን ሲመጣ በርሜሉን ጋሪ ላይ ጫንነው። ሀሰን ሲሠራ የሚዘፍን ሰው ነው፤ መዶሻውን በርሜሉ ላይ እየመታ፣ እየዘፈነ፣ እኔ ጋሪውን እየገፋሁ ድልድዩን ተሻገርን። የኡጁሉ ግቢ ስንደርስ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዝናብ ላያቸው ላይ እየወረደ ማንም አልተነሳም። ሀሰን ዘፈኑን አቋረጠ። መዶሻው ግን አንድ ጊዜ ተጨማሪ በርሜሉ ላይ አረፈች፤ ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ወደ ቦይለሩ አየሁ። ቦይለሩ ይፈላል። በተደፈኑት ቀዳዳዎች ሁሉ እንፋሎት እየተፋ፣ ሥሩ እሳቱ ቀይ ሆኖ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የቀዘቀዘው ቦይለሩ አልነበረም።

ከሁለታችን መጀመሪያ ኮፍያውን ያወለቀው ሀሰን ነው። እኔ ጋሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ወደፊት ብሄድ ምን ይዤ ነው የምሄደው? ወደኋላ ብመለስም እንደዚያው። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ተነስታ ጋሪውን ከእጄ ተቀበለችና በርሜሉን ጥግ አስያዘችው። ከዚያ በእጇ ወደ መሬት አመለከተችኝ፤ ተቀመጥኩ።

አሪየትን ግቢው ውስጥ ቀበሯት። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በቋንቋቸው ዘመሩ። ዝናቡ ሲበረታ ባዶው በርሜል ላይ እየወረደ እጅግ ከመጮሁ የተነሳ የሚጸልየው ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። ሀሰን ተነስቶ ሸሚዙን አውልቆ በርሜሉ ላይ ጣለበት። በርሜሉ ዝም አለ።

ከለቅሶው በኋላ ጥቂት ቀን ቆይቼ ሄድኩ። ኡጁሉ ከበሩ ውጭ ተቀምጦ አገኘሁት። ግቢው ጭስ የለውም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አመድ በዝናብ ጭቃ ሆኗል። እሳት የሌለበትን ያን ግቢ ሳየው ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ያን ቀን ቦይለሩ መስሎኝ ነው እኮ።»

«ኋላ ገባኝ» አለ።

«አዲስ አመጣለሁ ያልኩህ...»

«ኋላ ገባኝ አልኩሽ።» ፈገግ አለ፤ ከአሪየት ፈገግታ ጋር ይመሳሰል ነበር። አብረው የኖሩ ሰዎች እንደዚያ ይሆናሉ መሰለኝ። «መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ።»

«ምን?»

እጁን መሬት ላይ አድርጎ ጭቃውን ጠፍጠፍ አደረገ።

«ደምሴ ነጋዴ ነው አልኩ። ሰው የሌለውን ነገር ያመጣል። በርሜል ያመጣል፣ ቱቦ ያመጣል። ኢታንግ ሰው አለው፣ ማታር ሰው አለው። ምናልባት፣ አልኩ። እስከ ድልድዩ ድረስ ‹ምናልባት› እያልኩ ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ደከመኝ፤ ተውኩት።»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ በአፌ ነው የምኖረው። በዚያ ሰዓት ግን አፌ የእኔ አልነበረም። ወንዙ ከታች ሲፈስ ይሰማል፤ ሞልቷል።

ከዚያ ተነስቶ በርሜሉን ከጥግ አመጣ፤ እያንከባለለ ሳይሆን፣ አቅፎ። የሀሰንን ሸሚዝ ከላዩ አንስቶ አጣጠፈና በላዩ አኖረው።

«ጥሩ በርሜል ነው» አለ። «ወስደሽ ሽጪው።»

«ያንተ ነው፣ ጋሼ። አልመልሰውም።»

«እኔ ምን ላድርገው?» አለ። «ሰው ላለው ሰው ሽጪው።»

ኡጁሉ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ቢሮው ሕንፃ ሲሠራ፣ ታፔላው ሲለወጥ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲዛወር፣ እሱ በሩ ላይ ነበር። እንጨት ግን አንድ ፍልጥ ገዝቶ አያውቅም። ምግቡን ጎረቤቶቹ ነበሩ የሚሰጡት፤ እሳት ሲያነድ አየሁት የሚል ሰው የለም። ከሥራ ሲወጣ በሱቄ በኩል ያልፋል፤ ክምሩ ጋ ሲደርስ አንዳንዴ እጁ ሳይታወቀው አንድ ፍልጥ ታነሳለች፣ ጉንጩ ላይ ታስጠጋለች። ከዚያ ይነቃና ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። «ይሄ አይዋሽም» ይለኛል። እኔም «ላንተ ብዬ እኮ ነው» እለዋለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም። አንዳንድ ወዳጅነት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

በርሜሉን ያኔውኑ ወስጄ ሱቄ ደጃፍ አቆምኩት። ሰማያዊ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፤ ብዙ ሰው ጠየቀው። አንዲት አረቄ የምታወጣ ሴት ለሁለተኛ ቀን ስትመላለስ «ተሸጧል» አልኳት። አንድ ግንበኛ መጣ።

«ቤት ውስጥ ሰው አለህ?» አልኩት።

«ምን አገባህ? በርሜል ለመግዛት ሚስት ማግባት አለብኝ?»

«አይ፣ ጠየቅሁ እንጂ።»

«የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ለሲሚንቶ ውሃ ነው የምፈልገው።»

«ተሸጧል» አልኩት። ሰደበኝና ሄደ። ሀሰን ከጎረቤት ሆኖ፣ «ደምሴ፣ አንተ ደህና ነህ? ያልተሸጠ ዕቃ ተሸጧል የሚል ነጋዴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ» አለኝ።

ያው ክረምት ሊወጣ ሲል አንድ ወጣት መጣ፤ አስተማሪ ነው፣ አዲስ የተመደበ። በርሜሉን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ለምን ፈለግከው?» አልኩት።

«እናቴን ከአገር አምጥቻታለሁ። ውሃው ከብዷታል፤ ወንዝ መውረድ አትችልም። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ላጠራቅምላት ነው። አንዳንዴም ወገቧን ስለሚያማት ሙቅ ውሃ ትወዳለች።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ምን ላድርግ? እናት ናት» አለና አፈረ፤ የምስቅበት መስሎት።

በርሜሉን ይዤ ወደ እሱ አዘነበልኩት። በጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፤ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ።

«እሳት ነክቶታል?»

«አልነካውም» አልኩት። «አንድ ቀን እንኳ አልሞቀም።»